መጀመሪያ አምስት ልጆች ስጧቸው!

እስቲ ዛሬ ስለ አስተማሪ እናውራ። ኧረ ስለ ደመወዙ አይደለም! (እሱ ራሱን የቻለ መከራ ስለሆነ ሌላ ቀን እንመለስበታለን።) ስለ ትምህርት ፖሊሲም አይደለም፤ በዚያ ጉዳይ በየሚኒባሱ አንድ አንድ ኤክስፐርት አይጠፋም። ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ገና አስተማሪ ያልሆኑትን፣ ለመሆን ግን ጥቂት የቀራቸውን ልጆች ነው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ገብተው የሚሰለጥኑትን እጩ መምህራን።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ቁጥር የሚነሳውን ጩኸት ታስታውሱታላችሁ አይደል? በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። በየዓመቱ “ልጆቹ ሰነፉ”፣ “ስልኩ በላቸው”፣ “ኩረጃው ሲቆም ጉዳችን ወጣ” እንባባላለን። ይሁን። ግን 12ኛ ክፍል ላይ የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ መውደቅ የጀመረው ሁለተኛ ክፍል እያለ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሳያነብ፣ ሳይጠየቅ፣ ስሙ ሳይጠራ ዓመቱ አለቀ። በቀጣዩም ዓመት እንዲሁ። እኛ ወሬውን የሰማነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ታዲያ ያኔ እፊቱ ቆሞ የነበረው ማን ነው? ከነጭ ጋዋንና ከጠመኔ ጋር አንዲት ወጣት ልትሆን ትችላለች። የ21 ወይም የ22 ዓመት ልጅ፣ ከኮሌጅ ከወጣች ገና ወር ያልሞላት፣ ልቧ እንደ ከበሮ የሚመታ። የኔና የእናንተ እኩያ ማለት ነው። እሷ ምን ይዛ ነው እዚያ ክፍል የገባችው? ጥያቄዬ ይሄ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?

አንድ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል በዓይነ ሕሊናችሁ ክፈቱልኝ። አንዱ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ኬጂ ተምሮ፣ ፊደሉን ጨርሶ፣ ኤ ቢ ሲዲውን እየዘፈነ የመጣ ነው። አጠገቡ ያለው አንድ ዓመት ኦ ክፍል ብቻ ነው ያየው። ሌላዋ እቤቷ የሚነገረው ጉራጊኛ ነው፤ ከኋላዋ ያለው ደግሞ ኦሮምኛ ወይም ጋሞኛ። ጥግ ላይ ከክፍል ጓደኞቿ በአራት ዓመት የምትበልጥ ልጅ አለች፤ ከክፍለ ሀገር መጥታ ሰው ቤት እየሠራች ነው የምትማረው። መሀል ላይ አንድ ጆሮው በደንብ የማይሰማለት ልጅ አለ፤ “ፈዛዛ ነው” ይሉታል። አንዷ መነጽር ያስፈልጋታል፤ ማንም አላወቀላትም። ፊት ወንበር ላይ ደግሞ ሁሉን ነገር በሁለት ደቂቃ ጨርሶ ሌላውን የሚረብሽ ቀልጣፋ አለ።

አሁን እነዚህን በስድሳ ወይም በሰባ አብዟቸው። (ለአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል ከ50 ተማሪ እንዳይበልጥ የሚለው መለኪያ ለዓመታት ወረቀት ላይ ኖሯል።) ከተማው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያካሂደው ምገባ ቢያንስ በባዶ ሆድ የሚያንቀላፋውን ልጅ ቀስቅሶታል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን ነቅቶ የሚጠብቅ ልጅ የሚያናግረው ሰው ይፈልጋል።

እጩዋ መምህርት ስለነዚህ ልጆች አልተማረችም እንዳትሉኝ፤ ተምራለች። “አካቶ ትምህርት” የሚባል ኮርስ አለ፣ ፈተና አለው፣ ምናልባትም ኤ አምጥታበታለች። “ተማሪ ተኮር”፣ “አሳታፊ”፣ “ልዩ ፍላጎት”… ቃላቱን ከእንቅልፏ ብትቀሰቅሷት ትዘረዝርላችኋለች። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ማጽደቋንም ታውቅ ይሆናል። የማታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጆሮው ከማይሰማው ልጅ ጋር ተቀምጣ አሥር ደቂቃ ማሳለፍ።

የፍርሃት መጠለያዎች

የፈራ ሰው መጠለያ ይፈልጋል። የፈራ አስተማሪም እንደዚያው። እኔ እስካሁን ያየኋቸው መጠለያዎች ሦስት ናቸው፤ ሁላችሁም ተማሪ ስለነበራችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

አንደኛው ጥቁር ሰሌዳው ነው። ጀርባን ለልጆቹ ሰጥቶ ኖት መጻፍ። ልጁ ሲገለብጥ ዝም ይላል፤ ክፍሉ ሲታይ ሥርዓት ያለው ይመስላል። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ቢያዩ ደስ ይላቸዋል። ሁለተኛው አርጩሜው ነው፤ እሱ ባይኖር ደግሞ ጩኸቱ። በሕግ የተከለከለ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን የሚናገረው ያጣ ሰው እጁ ይቀድማል።

ሦስተኛው የባሰው ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ ማስተማር ይመስላል። እሱም የፊት ወንበር ነው። አስተማሪዋ ትጠይቃለች፣ ያው አምስት ስድስት ልጆች “ቲቸር! ቲቸር!” እያሉ ወንበር ላይ ይወጣሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል። ትምህርቱ የደመቀ ይመስላል። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያሉት ግን ተመልካች ናቸው። ማንም አልከለከላቸውም፤ ማንም አልጠራቸውም። አስተማሪዋም ክፉ አይደለችም። ከኋላ ያለውን ልጅ ብትጠይቀውና ዝም ቢላት ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ስለማታውቅ ነው የማትጠይቀው። ዝምታው ያስፈራታል።

ስለዚህ በራስ መተማመን የሚባለው ነገር የአስተማሪዋ የግል ጉዳይ አይደለም። እሷ ውስጥ ሲጎድል የሚከፍለው የኋላ ወንበሩ ልጅ ነው።

“በራስሽ ተማመኚ!” ምን ያደርጋል?

እጩ መምህራን ለዚህ ፍርሃት የሚሰጣቸውን ምክር ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? “ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።” “ፊትሽን ኮስተር አድርጊው።” እና የምክሮች ሁሉ ንጉሥ፦ “በመጀመሪያው ቀን እንዳትስቂላቸው፤ ያኔ ካልተፈራሽ አበቃልሽ!” እንግዲህ አስቡት፤ የፈራችን ልጅ ‘አስፈሪ ሁኚ’ ብሎ ማከም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ሥራው ሰው “ይሄን እችለዋለሁ” የሚለውን እምነት ከአራት ምንጭ እንደሚያገኝ ጽፏል። አንድ፣ ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት። ሁለት፣ እሱን የሚመስል ሰው ሠርቶ ሲሳካለት ሲያይ። ሦስት፣ የሚያምነው ሰው በቃል ሲያበረታታው። አራት፣ የገዛ ሰውነቱን ስሜት፣ የልቡን ምትና ላቡን፣ የሚተረጉምበት መንገድ። ከአራቱ ደግሞ ብርቱው የመጀመሪያው ነው፤ ሠርቶ ማየት።

የኛ ስልጠና ብዙውን ጊዜ የሚያድለው ሦስተኛውን ነው። ምክር። በምክር ቢሆን ኖሮማ እኛ ኢትዮጵያውያን ዓለምን ባስተማርን ነበር!

“ተግባር የለም እንዴ? ፕራክቲከም የሚባለውስ?” የሚል አይጠፋም። አለ። በ1995 እና 96 ዓ.ም. ገደማ ‘ቴሶ’ የተባለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ሲመጣ ካመጣቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር፤ እጩ መምህሩ እስከ ምረቃ ኮሌጅ ውስጥ ከሚቀመጥ ደጋግሞ ትምህርት ቤት ይውጣ የሚል። ሐሳቡ ወርቅ ነው። የማውቃቸው እጩዎች የሚነግሩኝ አፈጻጸም ግን ሌላ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ቅጽ ይሞላሉ፦ “መምህሩ ሰላምታ ሰጥቷል? አዎ/አይ። ዓላማውን ጽፏል? አዎ/አይ።” ከዚያ አንድ ቀን የክፍሉ መምህር “በይ እንግዲህ ዛሬ አንቺ ያዢልኝ” ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ስድሳ ልጅ በአንድ ጊዜ! ሱፐርቫይዘሩ በመጣ ቀን ደግሞ ክፍሉ ድራማ ይሠራል። ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ እንግዳ መጥቷል፣ ዛሬ ዝም ማለት ነው።

ማይክሮ ቲቺንግን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ድዋይት አለን ሲጀምሩት ነገሩ ቀላል ነበር። ለእጩ መምህሩ አራት ወይም አምስት እውነተኛ ተማሪዎች ይሰጡታል። ለጥቂት ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ያስተምራል። ወዲያው አስተያየት ይሰጠዋል። ከዚያ አስተካክሎ ለሌሎች ልጆች እንደገና ያስተምረዋል። በቃ።

እኛ ጋ ሲደርስ (እውነቱን ለመናገር በሌሎች ብዙ አገሮችም) ልጆቹ ከመሀል ወጡ። እጩዋ የምታስተምረው የራሷን የኮሌጅ ጓደኞች ነው። “ሦስት ሲደመር አራት ስንት ነው?” ትላለች፤ አርባ ጢማም ጎረምሳ በአንድ ድምፅ “ሰባት!” ይላል። ማንም አይሳሳት፣ ማንም አያለቅስ፣ ማንም “ቲቸር፣ እርሳሴን ወሰደብኝ” አይል። መልሱን አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው ፊት የተገኘ መተማመን መልሱን የማያውቅ ልጅ ፊት ሲደርስ ይተናል።

አምስት ልጆች

እኔ የምለው እንዲህ ነው። እጩ መምህርት ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ሴሚስተር አምስት ልጆች ይሰጧት። ክፍል አይደለም፤ አምስት ልጆች። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ እነዚያኑ ልጆች። (“አንድ ለአምስት” ትዝ ብሏችሁ እንዳትስቁብኝ! እዚያ ላይ ጎበዙ ተማሪ ነው የአስተማሪውን ሥራ የሚሸከመው። እዚህ ላይ ወደፊት አስተማሪ የምትሆነው ራሷ ናት።)

አምስቱ ታስቦባቸው ይመረጡ። አንድ ሁሉን ቀድሞ የሚጨርስ። አንድ ገና “ለ”ን ከ“ሰ” የማይለይ። አንድ የክፍሉ ቋንቋ የቤቱ ቋንቋ ያልሆነ። አንድ ለማየት ወይም ለመስማት ወይም ለመንቀሳቀስ የሚቸገር። እና አንዲት ዝምተኛ። ዝምተኛዋን እንዳትረሱብኝ፤ ስለማትረብሽ የሚረሷት እሷን ነው።

እነዚያኑ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሚለው ቃል ዋናው ነው። በየሳምንቱ ልጆቹ ከተቀያየሩ እጩዋ የምታየው ውጥንቅጥ ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ ፊደል ያልለየው ልጅ የካቲት ላይ የራሱን ስም ሲያነብ ካየች ግን፣ ያንን ከማንም ሌክቸር አታገኘውም። “ይሄን ያደረግሁት እኔ ነኝ” ትላለች። ባንዱራ አንደኛ ያለው ይሄንን ነው። ሳይሳካላትም ቢሆን የክፍሉ መምህር አጠገቧ ስላለ ሙከራው ልጁን አይጎዳውም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ግማሽ ክፍል፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ክፍል። ዋና የሚማር ሰው መጀመሪያ ጣና መሀል አይወረወርም።

ደግሞስ ይሄ ከውጭ የመጣ ነገር ይመስላችኋል? አያቶቻችሁን ጠይቁ። የቄስ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም ልጅ አንድ ገጽ ላይ አልነበረም። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ፊደለ ሐዋርያ ላይ ደርሷል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በየራሱ ደረጃ፣ አንድ ዛፍ ሥር። ከፍ ያለው ተማሪ ትንንሾቹን ይዞ ያስቀጽላል፣ የኔታ ደግሞ ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ። ሲሳሳት ያርሙታል። ቁርአን ቤትም እንዲሁ፤ ልጁ የራሱን ሎህ ይዞ፣ የራሱን ክፍል ቀርቶ፣ ሲያውቀው ወደ ቀጣዩ ያልፋል። አርጩሜው ይቅርብን፣ እሱን አልናፍቅም። ግን ማስተማርን በጥቂት ልጆች፣ አዋቂ እየሰማ መለማመድ የሚለው ጥበብ ከደጃችን የነበረ ነው።

ከሌሰን ፕላን በፊት

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። እዚያ ሙያ ውስጥ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፤ የምታናግረውን ሰው ሳታውቅ ጥያቄ ይዘህ አትሄድም። ማነው፣ ከየት ነው፣ ምን ያውቃል፣ ስለምን ማውራት ደስ ይለዋል። ጥያቄው የሚወለደው ከዚያ ነው። ካልሆነ መልሱ “አዎ” እና “አይደለም” ይሆንና ታፍራለህ።

እጩ መምህራን ላይ የሚገርመኝ ታዲያ የመጀመሪያ ሥራቸው ሌሰን ፕላን መሆኑ ነው። ስለማያውቋቸው ልጆች በደቂቃ የተከፋፈለ ዕቅድ! የመጀመሪያው ሥራቸው እነዚያን አምስት ልጆች ማወቅ ቢሆንስ? እቤት የሚናገሩት ቋንቋ ምንድነው? የቤት ሥራ ሲሠሩ አጠገባቸው ማን አለ? ሰሌዳው ከተቀመጡበት ይታያቸዋል? ምን ያስቃቸዋል? ምን ይችላሉ? (“ምን አይችሉም” የሚለው በየሪፖርት ካርዱ ሞልቷል።) በጉልት ገበያ ከእናቱ ጋር የሚውል ልጅ ሒሳብ ላይ “ደካማ” ተብሎ ይሆናል፤ ቲማቲም ሲሸጥ ግን መልስ አይሳሳትም። ይሄን የምታውቅ አስተማሪ መደመርን ከየት መጀመር እንዳለባት ማን ይነግራታል? ልጁ ራሱ ነገራት እኮ።

በትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውር መምህራን እንግዳ አይደሉም። ለእነሱ እጅ ማውጣት ብቻውን አይሠራም፤ ተማሪውን በድምፁና በስሙ ማወቅ ግድ ነው። ዓይናችን የሚያየው ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለ። እጅ ያወጣውን ብቻ መጥራት የቀላል መንገድ ነው፤ ስም ማወቅ ግን የአስተማሪ መንገድ ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚያስተምሩ ወጣቶች ብዙዎቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። አማርኛቸው ላይ የእናት ቋንቋቸው ለዛ አለ። የከተማ ልጅ ደግሞ መሳለቅ ይችልበታል! አንድ ቃል ትንሽ ካዘነበለች ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ያቺ መምህርት ከዚያ በኋላ አፏን የምትከፍተው ለኖት ብቻ ነው። ኮሌጁ ይሄን አንድም ቀን አንስቶላት አያውቅም ይሆናል። እሷ እንደ ጉድለት የምትደብቀው ነገር ግን ሀብቷ ነው። ሲዳምኛ የምትችል መምህርት ክፍሏ ውስጥ ያለችውን ሲዳምኛ ተናጋሪ ልጅ በአንድ ቃል፣ በአንድ ሰላምታ ብቻ፣ ከዝምታ ታወጣታለች። በሁለተኛ ቋንቋ መማር ምን ያህል እንደሚከብድ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የእጩዎቹ የራሳቸው ልዩነት ይቆጠርላቸው፤ ለልዩ ልዩ ልጆች የሚሆኑት ልዩ ልዩ አስተማሪዎች ናቸው።

“ግን እኮ…”

አውቃለሁ፣ “ግን እኮ” ትላላችሁ።

“አምስት ልጅ ያስተማረች ስድሳ እንዴት ትችላለች?” ጥሩ ጥያቄ ነው። አምስት ዓይነት ልጅ በደንብ ያወቀች ሰው ስድሳ ልጅ ስታይ የምታየው ግርግር አይሆንም። “ይሄ ልጅ ያልገባው ነው ወይስ ያልሰማ?” ብላ መጠየቅ ታውቃለች። ልጅ ከልጅ ይለያል፤ የአምስቱ መልስ ለስድሳው አይሆንም። ጥያቄው ግን ይሆናል። ዝምታ ሲገጥማት ደግሞ አትደነግጥም፤ ከዝምተኛዋ ጋር አንድ ዓመት ተቀምጣለችና።

“ማን ያግዛታል? የክፍሉ መምህር ራሱ ደክሞታል።” እውነት ነው፣ እዚህ ላይ ገንዘብና ሐሳብ ይጠይቃል። እጩ የሚያሰለጥን መምህር ፔሬድ ይቀነስለት። ከጀማሪ መምህር ጀምሮ የሚወጣው የደረጃ ዕድገት መሰላል ላይ ይሄ ሥራው ይቆጠርለት። በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቅበት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ (አስተማሪዎች “ተሙማ” የሚሉት) በፋይል ከሚሞላ በዚህ ይሞላ። ደግሞ ሒሳቡን እዩት፦ ስድሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ሦስት እጩዎች አምስት አምስት ልጅ ይዘው ጥግ ቢቀመጡ፣ ለመምህሩ 45 ልጅ ቀረለት ማለት ነው። መለኪያው የሚለው ቁጥር ውስጥ ገባ!

“በራስ መተማመን ደመወዝ ይሆናል?” አይሆንም። ወንበርም መጽሐፍም አይሆንም። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቃትን መምህርት አምስት ልጅ አስተምራ ስላደገች ብቻ ትኖራለች አልልም። ግን ደመወዙ ነገ ቢጨመር እንኳ ከኋላ ያለውን ልጅ ለማናገር የምትፈራ መምህርት ያው ትፈራዋለች።

ይሄ አገር አስተማሪውን ማመን ሲያቅተው ያደረገውን ታላላቆቻችን ያውቁታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ተሰቀለ። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ፍጥነት፤ አስተማሪው ለመግቢያና ለመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አያየውም። ያየው የነበረው አስተማሪው ነው፤ እሱ ደግሞ ሰዓቱ ተወስዶበታል። ስክሪን ቆሞ አይጠብቅም። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ያንን ሰው ደግሞ ማሰልጠን ይቻላል፤ ከአምስት ልጅ ጀምሮ።

በመጨረሻ ለእናንተም አንድ ሥራ አለኝ። እቤታችሁ ትንሽ እህት ወይም ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ አይጠፋም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ “ስንተኛ ወጣህ?” የምንለውን ነገር ለአንድ ሳምንት እንተወውና ሌላ እንጠይቀው፦ “ዛሬ ቲቸር ስምህን ጠራችህ?” መልሱ ሳምንቱን ሙሉ “አይ” ከሆነ በልጁ ላይ አትቆጡ። በአስተማሪዋም ላይ አትፍረዱ። ስሙን ለማወቅ ጊዜና ድፍረት ሳንሰጣት ስድሳ ልጅ ላይ የላክናት እኛ ነን።

ቸር ሰንብቱ!